በጉ ለማኅበሩ ነው

ከሁሉ በፊት የተረጋገጠውን ልንገራችሁ። በጉ ነጭ ነው። ግንባሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ግቢያችን ውስጥ ካለው ኮክ ዛፍ ሥር በገመድ ታስሯል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ውጭ በያዝነው ጥቅምት ስለ በጉም፣ ስለ ማኅበሩም፣ ስለ ራሴም አውቃለሁ ብዬ ያሰብኩት ሁሉ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ስሕተት የሠራ ጋዜጠኛ እርማት ያወጣል፤ ይኸው አወጣሁ።

ሥራዬ ሬዲዮ ላይ ዜና ማጠናቀር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፣ አንበጣ ዘግቤያለሁ፣ ትልቅ ሹም ጠረጴዛ እየደበደበ ሲቆጣ ፊት ለፊቱ ቆሜ ማስታወሻ ይዣለሁ፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ያለ ሁለት ምንጭ አንዲት ዓረፍተ ነገር አየር ላይ አውጥቼ አላውቅም። እስካሁን ሚስት ያላገባሁትም በዚሁ ይመስለኛል፤ "እሷ እኮ ትወድሃለች" ብሎ የሚነግረኝ ሰው ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነበር።

የምኖረው ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከእናቴ ከወይዘሮ ደብሬ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር፣ ከሰፈራችን ባለሱቅ ከእትዬ ዘሀራ ሁለት እንቁላል እገዛለሁ፤ እናቴ ትጠብስልኛለች። እኔ ራሴ ሳላሳርር የማዘጋጀው ሻይ ብቻ ነው።

እናቴ የማርያም ማኅበር አላት። አባላቱ አሥራ ሦስት ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ይጸለያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የሞተ በወጉ ይሸኛል። እናቴ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ወር አልቀረችም። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ስለዚህ የማኅበሩን አለቃ፣ እነሱ "ሙሴ" የሚሏቸውን አያ ደምሴን፣ "ወንበሬ ለልጄ ይለፍልኝ" ብላ ጠየቀች።

አያ ደምሴ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው። ግሬደር ሲነዱ ስለኖሩ ይመስለኛል፣ ሲያስቡም በዝግታ ነው፤ ሲወስኑ ግን ደልድለው ነው የሚያልፉት።

"ይለፍ" አሉ በመጨረሻ። "ብቻ መጀመሪያ ያብላን። የዘንድሮውን ተራሽን እሱ ያውጣው። ማኅበሩ ደስ ካለው ወንበሩ የሱ ነው። ደስ ካላለው ግን ወንበርሽ ካንቺ ጋር ይዘጋል።"

እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ደግፋ "ይህን ሁሉ የምለፋው ስሞት ከሬሳዬ ጋር የሚቆም ሰው እንዳላጣ ነው" አለችኝ።

"ኧረ እማዬ! እኔ የት ሄጄ?"

"አንተማ ዘገባ ላይ ትሆናለህ።"

አባቴ ሲቀበር የት እንደነበርኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

አባላቱ አሥራ ሦስት፣ ወሩ አሥራ ሁለት ስለሆነ ተራው በየዓመቱ አንድ ወር ይገፋል። የእኛ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወደቀ። ጥቅምት ደግሞ ዘመነ ጽጌ ነው። ምድሩ አበባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት የሚሆንበት፣ የማርያምን ስደት የምናስብበት ወቅት ነው። ጾምም አለው፤ ጾሙ ግን የፈቃድ ነው። የወደደ ይጾማል፣ ያልወደደ አይገደድም። የሚጾመውም "እጾማለሁ" ብሎ አያወራም፤ ካወራው ዋጋው ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መከራዬ ሁሉ ከዚህ ነው የተወለደው።

ሃያ አንድ ዓርብ ዋለ። በዕለቱ ቢሆን ኖሮ ዓርብ ለሁሉም ጾም ነው፤ ሽሮዬን ሠርቼ በተገላገልኩ ነበር። ነገር ግን "ለሠራተኛው ይመቸው" ተብሎ ወደ እሑድ ተዛወረ። ሠራተኛው እኔ ነኝ።

እናቴ "ሁለት ሱባኤ ጠበል ገብቼ፣ ጉልበቴን አስምሬ፣ ለማኅበሩ ቀን እደርሳለሁ" ብላ ተነሣች። ጠበል ስልክ አይገባም ብላ ስልኳን ትራሷ ሥር ተወችው። መናኸሪያ ልሸኛት ስሄድ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አደራዋን ትደረድርልኝ ጀመር።

"ጠላው ተጠንስሷል፤ የአክስትህ ልጅ ይታይሽ ትመጣለች፣ ወጡንም እሷ ትሠራለች። በርበሬው በጣሳው ነው። በጉ ለማኅበሩ ነው፤ አደራህን። ደግሞ…"

"ገባኝ፣ እማዬ።"

"ደግሞ እኮ በጉን…"

"እማዬ፣ ገባኝ አልኩሽ፤ መኪናው ሊንቀሳቀስ ነው፣ አንገትሽን አስገቢ!"

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲናገርልኝ ስለማመጥ ኖሬ፣ ምንጬን ያቋረጥኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በማግስቱ አያ ደምሴ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ግቢያችን ገቡ። በጉን ዞረው አዩት። ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ሸጋ በግ ነው። ማን ማን ይጾማል ታዲያ?"

"አላውቅም። ሁለቱንም እሠራለሁ፤ የጾሙንም የፍስኩንም።"

"ሁለት ገበታ? በጽጌ?" ከዘራቸው አየር ላይ ቀረ። "ልጄ፣ አንድ ጊዜ አንዲት ማኅበርተኛችን እንዳንተ አሰበች። ዶሮ በዚህ፣ ሽሮ በዚያ። ማን ቀድሞ ወደ ዶሮው ይነሣ? ተያየን። ደግመን ተያየን። ሁላችንም ሽሮው ላይ ተረባረብን። ሽሮው ሳንጠግብ አለቀ። ዶሮው ግን እንደ ታቦት ማንም ሳይነካው ዋለ። ሴትዮዋ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በጽጌ አንድ ገበታ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። አንድ የሚጾም ሰው እንኳ ካለ ገበታው የጾም ነው። ማንም ከሌለ የፍስክ።"

"የሚጾም መኖሩ በምን ይታወቃል?"

"ባለተራው ያውቃል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"እኔ ምኑን አውቄው! ጋዜጠኛው አንተ አይደለህም?"

"እንግዲያው ለጥንቃቄ የጾም ብሠራስ?"

አያ ደምሴ ወደ በጉ አዩ። በጉም ወደ እሳቸው አየ። "እንዲህ ያለ በግ ታስሮ ሽሮ? 'ለጥቅምት አንድ አጥንት' በሚባልበት ወር? የሚጾም ሳይኖር ሽሮ ካበላኸን የእናትህ የሰላሳ ዓመት ድግስ ይረሳና ያንተ ሽሮ ሲወራ ይኖራል።"

"የሚጾም እያለ በጉን ባርደውስ?"

"እሱማ…" አሉና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል እኔም ቀና አልኩ። ደመና ብቻ ነበር።

"እርስዎስ፣ አያ ደምሴ፣ ይጾማሉ?"

"ምነው ልጄ? ኪሴንም ልትፈትሸኝ ነው?" ብለው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ነበረኝ። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይዤ ከዚህ የባሰ ነገር አጣርቻለሁ ብዬ አዲስ ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሙላት ነው። ሙላት ልብስ ሰፊ ነው፤ ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ ለእኔ የሚቀርበው እሱ ብቻ ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ጋበዝኩት። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ማኪያቶ ካዘዘ አይጾምም፣ ሻይ ካዘዘ ይጾማል። ነገር ግን እኔ ቀድሜ ካዘዝኩ ምንጬን ተጽዕኖ ውስጥ ከተትኩት ማለት ነው።

"ምን ትጠጣለህ?" አልኩት።

"አንተስ?"

"አንተ ቅደም።"

"ጋባዥ ይቅደም እንጂ።"

አስተናጋጇ ወገቧን ይዛ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። "ወንድሞቼ፣ ተመካክራችሁ ትጠሩኛላችሁ?" አለች። በመጨረሻ ሁለታችንም በአንድ ትንፋሽ "ሻይ" አልን።

"ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ነው" አለ ሙላት።

"እኔንም" አልኩ።

ደብተሬ ላይ "ሻይ። ምክንያት፦ ቁርጠት፤ ያልተረጋገጠ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ለምሳ ጋበዝኩት፤ ሁለታችንም ሽሮ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሽሮ። በአራተኛው ቀን ሙላት ማንኪያውን አስቀመጠና "አንተ ሰው፣ ጨጓራህን ሐኪም ቤት ሄደህ ታይ እንጂ፤ እኔ ያንተን ጨጓራ እስከ መቼ ላስታምም?" አለኝ።

በምስክር ያልተገኘ በክትትል ይገኛል ብዬ ደግሞ ከሰፈራችን ሉካንዳ ትይዩ ቆምኩ። ከማኅበርተኞቹ የሚገባ ካለ ልመዘግብ ነው። አንድ ሰዓት ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ቆምኩ። በቆምኩበት እወዛወዛለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ደብተሬን እገልጣለሁ፣ እዘጋለሁ። ባለ ሉካንዳው ቢላዋውን እንደያዘ ወጣ።

"ጌታው፣ ወይ ግዛ ወይ ሂድ። ሥጋው እኮ አፈረ!"

ሄድኩ። "የወይዘሮ ደብሬ ልጅ ሥጋ አምሮት ሉካንዳ ፊት ቆሞ ዋለ" የሚለው ወሬ ግን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። እውነት ለመናገር ከብዙ ዜናዎቼ ይልቅ ፈጥኖ ተሰራጭቷል።

ቅዳሜ ማኅበሩ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ሣር ለማጨድ ወጣ። ክረምቱ ያሳደገው ሣር ጉልበት ይደርሳል፤ በየመሐሉ ቢጫው፣ ነጩ፣ ሐምራዊው አበባ ፈክቷል። ሴቶቹ አበባውን ለይተው ለመቅደሱ በር ይለቅማሉ፤ እኛ ሣሩን እናጭዳለን። ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ሰው ሲርበው አይዋሽም ብዬ ምሳ ሰዓት ጠበቅኩ። ምሳው ንፍሮ ሆነ። ስንዴና ባቄላ። ለጾመኛም ለሌላውም የማይመሰክር እንደ ንፍሮ ያለ ምግብ የለም።

ጭብጥ ንፍሮዬን ይዤ ወደ መምሬ ይልማ ተጠጋሁ። መምሬ የማኅበሩም አባል፣ የአብዛኞቹም የንስሐ አባት ናቸው።

"መምሬ፣ ከማኅበራችን ጽጌን የሚጾም አለ?"

"አለ ብልህ ማን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው። የለም ብልህ ዋሽቼ እገኝ ይሆናል። አላውቅም ብልህ ደግሞ አታምነኝም። ስለዚህ ማጭድህን አንሣ።"

"ስም አይንገሩኝ። 'ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ' ብዬ እይዘዋለሁ።"

"ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉትማ ጻድቃን ናቸው፤ እነሱን ተዋቸው። እስኪ ያንን ጥግ እጨድልኝ።"

አጨድኩ። እጄ ተላጠ። ደብተሬ ባዶ ነበር።

ማክሰኞ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። እማማ ጥሩነሽ የማኅበሩ ትልቋ አባል ናቸው፤ በየወሩ በሚኒባስ ጎንደር ይመጣሉ። ዕድሜ ሰውን ግልጽ ያደርገዋል ብዬ ነው። መንገዱን በሙሉ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ፤ የወገራ ሜዳ በግራና በቀኝ ቢጫ ለብሷል፣ ገብሱ ሊደርስ ተቃርቧል፣ እኔ የማየው ግን ሰዓቴን ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ "ወንድሜ፣ ሰው ታሞብህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ማኅበር አለብኝ" አልኩት። አዝኖ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እማማ ጥሩነሽ ጉንጬን ስመው፣ አስቀምጠው፣ ምንም ሳይሉ አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ፊቴ አኖሩ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር።

ያኔ ገባኝ። እሳቸውም እያጣሩ ነው።

ብጠጣው "ይኸ ልጅ አይጾምም" ብለው፣ እሳቸው ቢጾሙ እንኳ ለእኔ ሲሉ ይደብቁኛል። ባልጠጣው "ይጾማል" ብለው፣ ባይጾሙም ለእኔ ሲሉ የሚጾሙ ይመስላሉ። ወተቱ በመሐላችን ቆመ።

"ምነው፣ አትጠጣም?"

"እጠጣለሁ። እርስዎስ፣ እማማ?"

"እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?"

"ይብረድልኝ ብዬ ነው።"

"ቀዝቃዛ ነው እኮ ልጄ።"

ወተቱ ላይ ዝንብ ዞረ። ስለ እናቴ ጉልበት አወራን። ስለ ገብሱ አወራን። ሳናስበው ድመታቸው ከወደ ጓዳ መጥቶ፣ ሁለታችንንም አየት አድርጎ፣ ኩባያው ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ። በዚያ ቤት አቋሙን በግልጽ ያሳወቀ ድመቱ ብቻ ነው።

ስነሣ እማማ ጥሩነሽ እስከ ደጅ ሸኙኝ። "እናትህ ሸጋ ሴት ናት። እኔ ከሞትኩም የምታለቅስልኝ፣ ከታመምኩም የምትጠይቀኝ እሷ ናት። ያንን ወንበር እንዳታዘጋባት" አሉኝ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። መጻፍ አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ስለ ሰብል የተላከ ዜና ሳርም "አርሶ አደሮቹ እንደሚጾሙ ገለጹ" ብዬ ጽፌ አለቃዬ ጠርቶ ውኃ ሰጠኝ። ቤት ስመጣ የእናቴ ስልክ ትራሷ ሥር ይጮኻል፤ አንስቼ "የለችም" እላለሁ። በጉ እኔን ባየ ቁጥር "ባ" ይላል። ይህንንም እንደ አስተያየት መውሰድ ጀምሬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ዕድል ፊቷን ያዞረችልኝ መሰለኝ። ገበያ ውስጥ ሙላትን እንቁላል በሳህን ይዞ ሲሄድ አየሁት። ስመለስ ደግሞ አያ ደምሴ ከሉካንዳው ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለው ወጡ። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት የተለያየ ቦታ፣ አንድ ቀን። ሁለት ምንጭ! ሙላት ልጆች እንዳሉት፣ አያ ደምሴም ውሻ እንዳላቸው ዘንግቼ፣ ደብተሬ ላይ በትልቁ "የሚጾም የለም። በጉ ይታረድ" ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት አራጅ ጠርቼ፣ ይታይሽን ሽንኩርት አስጀምሬ፣ ቅቤ ልገዛ ወደ እትዬ ዘሀራ ሱቅ ወጣሁ። እትዬ ዘሀራ ሱቁን ከአባታቸው የወረሱ፣ ሰፈሩን ከነልጅ ልጁ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

"ሁለት ኪሎ ቅቤ ይስጡኝ።"

"ቅቤ የለም።"

ቅቤው ከኋላቸው ነው። በትልቅ ሳህን፣ ቅጠል ጣል ተደርጎበት፣ ሽታው እስከ በሩ ይመጣል።

"ያስ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"ያ! ከኋላዎ ያለው።"

ዞረው አዩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ይመስላል። "ያ የሰው ነው።"

"የማን?"

"ምነው ዛሬ? ሬዲዮ ላይ ልታወራብኝ ነው?"

"እንቁላልስ?"

"እንቁላልም የለም" አሉ፤ ክርናቸውን የእንቁላሉ ሳህን ላይ አስደግፈው። "ሽሮ አለ። ሸጋ ሽሮ ነው። ምስር አለ፣ ዘይት አለ። እሱን ልስፈርልህ?"

ተናድጄ ወጣሁ። እንዴት ያለ ነጋዴ ነው ቅቤ ይዞ ቅቤ የለም የሚል! ግቢ ስደርስ አራጁ በጉን ጥሎ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ "በስመ አብ" ሊል አፉን ከፍቷል። የዚያኔ ነው እግሬ የቆመው።

እንዴት ያለ ነጋዴ ነው? ገዢዎቹን የሚያውቅ ነጋዴ ነዋ! ሰፈሩ ቅቤና እንቁላል መግዛት ሲያቆም ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ማን ነው? የሰው ምስጢር ላለማውጣት "ይጾማሉ" አላሉኝም፤ "ቅቤ የለም" አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ ያለ ጨዋ ምንጭ አጋጥሞኝ አያውቅም።

"አቁም!" ብዬ ጮህኩ። አራጁ ደነገጠ፤ ይታይሽ ሽንኩርቱን ይዛ ወጣች፤ በጉ ተነሥቶ ራሱን አራገፈ።

"ጌታዬ፣ ምን ሆንክ?" አለ አራጁ። "እኔ እኮ ቆዳውን ተስፋ አድርጌ ነው ጠዋት የወጣሁት።"

እየሮጥኩ ተመልሼ "ሽሮ ይስፈሩልኝ!" አልኩ። እትዬ ዘሀራ አንዲት ቃል ሳይጠይቁ፣ ከረጢቱን አትረፍርፈው ሰፈሩልኝ። ፈገግ ያሉም መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ መጣ። ጸሎት ሲደረግ በጉ ከውጭ "ባ!" አለ። አሥራ ሁለት ራስ ወደ መስኮቱ ዞረ። በጉ እንዳለ ሁሉም አወቀ። መምሬ ይልማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ፤ በጉም ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

ገበታው ቀረበ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። መምሬ ባረኩ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ትልቁ ሹም ጠረጴዛ ሲደበድብ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። የእናቴ ወንበር ከግድግዳው አጠገብ ባዶውን ቆሟል።

አያ ደምሴ ገበታውን በዝግታ ከዳር እስከ ዳር አዩ። ቆረሱ። አጠቀሱ። ጎረሱ። አላመጡ፤ እሳቸው ደግሞ ሲያላምጡም እንደ ግሬደር ነው።

"ሸጋ ነው" አሉ።

የአሥራ አንድ ሰው እጅ ባንድ ላይ ገበታው ላይ ወረደ። እማማ ጥሩነሽ አጎረሱኝ። ሙላት ሽሮ አስጨመረ፤ ሁለት ጊዜ። "ቁርጠትህስ?" ስለው "ተወኝ እባክህ፣ ዛሬ የማርያም ነው" አለ።

መሐል ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ ናት፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፣ በአንድ እጇ የጠበል ጀሪካን ይዛለች። እኛን አላየችም። በቀጥታ ወደ ኮክ ዛፉ ሄደች፣ በጉን አየች፣ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና "ተመስገን!" አለች።

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል?"

"አርደህብኝ ይሆናል ብዬ መንገዱን ሙሉ በእንባ መጣሁ።"

"ለማኅበሩ ነው አላልሽኝም?"

"ለማኅበሩ ነው እንጂ! ስለት ነው። ልጄን ከተቀበሉልኝ፣ ለኅዳር ስድስት፣ ለቁስቋም፣ የጽጌ ጾም ሲፈታ አብልቻቸዋለሁ ብዬ የተሳልኩት ነው። መናኸሪያ ልነግርህ ስል 'አንገትሽን አስገቢ' አላልከኝም?"

ማን፣ ምን፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ለጀማሪ ጋዜጠኞች ሳስተምር ስድስት ጥያቄ ነው የማስተምረው። ስድስተኛው "መቼ" ነው።

አያ ደምሴ ነገሩን ከበሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ገብተው ጽዋውን አነሡ። "ወይዘሮ ደብሬ፣ ስለትሽ ሠምሯል። ወንበሩ ያልፋል" አሉ። መምሬ ሲመርቁ ስሜን ከእናቴ ስም ቀጥለው ጠሩት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ደብተሬን ፈለግኩ፤ የምጽፈው ስላለኝ አይደለም፣ የማቀረቅርበት ስላስፈለገኝ ነው።

"እኔ የምልህ፣ እንዴት አወቅህ?" አለኝ ሙላት።

"ምንጬን አልገልጽም" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማን እንደሚጾም ግን ያን ቀንም አንድ ሰው አልተናገረም።

ሰኞ ጠዋት ላመሰግን ወደ እትዬ ዘሀራ ሱቅ ሄድኩ።

"ማኅበርተኛው ሁሉ እንደሚጾም በዘዴ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አልኳቸው።

"እኔ? ማን እንደሚጾም በምን አውቄ?"

"'ቅቤ የለም' አላሉኝም?"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "አንተ ልጅ! ማኅበርተኞችህ ቅቤ የሚገዙት ከገበያ ነው፤ እኔ ጋ መቼ መጥተው ያውቃሉ? ያልኩህ ስላንተ ነው።"

"ስለ እኔ?"

"በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል የምትገዛ ሰው፣ እናትህ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን ብቅ አላልክም። ሙላት ደግሞ 'ከሻይና ከሽሮ በቀር አይቀምስም' አለኝ። 'ለእናቱ ጉልበት ብሎ ጾም ይዟል፣ ጎሽ' አልኩ። ከዚያ 'ሥጋ አምሮት ሉካንዳ ፊት ቆሞ ዋለ' ሲባል አንጀቴን በላኸኝ። ቅዳሜ ዓይንህ ቀልቶ፣ እንዲያ እየተቁነጠነጥክ 'ቅቤ' ስትለኝ፣ ጾሙ ከብዶት ሊያፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እኔም በረመዳን አንዳንድ ቀን እንዲህ ያደርገኛል። የጎረቤቴን ጾም በሁለት ኪሎ ቅቤ ላስፈርስ?"

ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ሻይ። ሽሮ። ሽሮ። ንፍሮ። ወተት፤ ድመቱ ጠጣው። ሻይ። ዳቦ። እናቴ ከሄደችበት ቀን አንሥቶ የወተት ጠብታ፣ የቅቤ ሽታ፣ የሥጋ ቁራጭ አልነካሁም። ከአሥራ ሦስቱ የማኅበሩ አባላት መጾሙ በሰነድ የተረጋገጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ። አንድ የሚጾም ካለ ደግሞ ገበታው የጾም ነው፤ አያ ደምሴ ደልድለውታል።

ወሬው አሁን ሰፈሩን አዳርሷል። ጾሜን ማፍረስ አልችልም፤ እትዬ ዘሀራም ሲያዩኝ ገና ከሩቅ እንቁላሉን ይሸፍናሉ። እናቴ የኮኩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጉልበቷን ጠበል ትቀባለች። በጉ ሣሩን እያላመጠ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ሁለታችንም ኅዳር ስድስትን እየጠበቅን ነው። መቼ እንደሆነ ያጣራሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።